መካነ ኢየሱስ፦ የኢትዮጵያ ሉተራውያን እምነትና የጉባኤ ኑሮ

አንድን የመካነ ኢየሱስ አባል «ሉተራን ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ትንሽ ያመነታና «መካነ ኢየሱስ ነኝ» ይላል። ጎረቤቱን ብትጠይቁት ደግሞ «ጴንጤ ነው» ብሎ ይገላገላችኋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በወረቀት ላይ ያለው እምነት ሉተራዊ ነው። እሁድ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ግን ከዚያ ሰፋ ይላል።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ያኔ አባላቷ 20,000 ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ወንጌላውያን የላከችልንን የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በአባላት ብዛት ካለፈቻት ቆይታለች። ስሟን የወሰደችው አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ካለው ማኅበረ ምዕመናን ነው። ማኅበረ ምዕመናን ማለት አንድ አጥቢያ ነው፤ የራሱ ሽማግሌዎች፣ የራሱ ቄስ፣ የራሱ ሣጥን ያለው። ከዚያ በላይ ሰበካ፣ ከሰበካ በላይ ሲኖዶስ አለ።

ከሉተር ጋር ያለን ትውውቅ ግን ከሚስዮናውያን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን አገር ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ የፕሮቴስታንት ተሐድሶን ከጀመረው ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግሯል። ሉተርም በሰውየው እምነት ተደስቶ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ፒተር ሃይሊንግ የሚባል ጀርመናዊ ወደ አፄ ፋሲል አገር መጣ። የዮሐንስን ወንጌል ወደ አማርኛ እንደመለሰ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ነው።

ነገሩ እንደገና የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1866 የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰዎች ምጽዋ ሲደርሱ ነው። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር። መንገዱ ግን አልከፈት አላቸው፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው ተቀመጡ። እዚያ ከተማሩት አንዱ ሂካ የሚባል ከኢሉባቦር ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ፤ በ1872 ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። አስቴርም እንደ እሱ ከባርነት የወጣች ናት። ስሟ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ታልፎ የሚሄደው የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ጥፋት እንጂ የሥራዋ ማነስ አይደለም።

በዚሁ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1898 ከኤርትራ የመጡት ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ባልደረቦቻቸው ወለጋ ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀመሩ። ይህን ነገር ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። በወለጋ ወንጌልን የተከለው ፈረንጅ አይደለም። ፈረንጁ የመጣው ኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ካርል ሴደርኲስት እ.ኤ.አ. በ1904 ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ ጀርመኖቹ አይራ፣ ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ ኖርዌጆቹ በደቡብ፣ አይስላንዶቹ ኮንሶ፣ አሜሪካኖቹ ወሎ ገቡ። በወረራው ጊዜ የስዊድን ሚስዮናውያን ሲባረሩ አገልግሎቱ በአገሬው ሰዎች እጅ ወደቀ። ጉባኤዎቹ አልፈረሱም፤ እንዲያውም በዙ። እንግዲህ በ1951 ዓ.ም. «ራሳችንን እንችላለን» ያሉት ከባዶ ተነሥተው አይደለም።

እምነቱን ባጭሩ ለማስቀመጥ፦ ሰው የሚጸድቀው በሥራው ሳይሆን በእምነት፣ በጸጋ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የመጨረሻው ዳኛ ነው። የሐዋርያት፣ የኒቅያና የአትናቴዎስ የእምነት መግለጫዎች ይታመንባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1530 የወጣው የሉተራውያን የእምነት መግለጫ፣ የአውግስበርግ መግለጫ የሚባለው፣ እና የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የእምነት ማስተማሪያ) የትምህርቱ መሠረት ናቸው። ምሥጢራቱ ሁለት ናቸው፤ ጥምቀትና የጌታ እራት። እ.ኤ.አ. በ1974 የፕሬስቢቴሪያን (የሌላ የፕሮቴስታንት ዘርፍ) ሥር ያላቸው የቤቴል ጉባኤዎች ስለተቀላቀሉ ንጹሕ ሉተራን ብቻ ናት ማለትም አይቻልም።

ሕፃናት ይጠመቃሉ። ከሌሎቹ ወንጌላውያን ጋር ክርክር የሚያስነሣው ይህ ነው። «ሳያምን እንዴት ይጠመቃል?» የሚለው ጥያቄ በየሰፈሩ አለ። የመካነ ኢየሱስ መልስ «ጸጋው ከእኛ መረዳት ይቀድማል» የሚል ነው። በጸሐፊው እይታ መልሱ በቂ ነው፤ ሌላ ጉባኤ ሄደው እንደገና የተጠመቁ ልጆች ግን ጥቂት አይደሉም። የተጠመቀ ልጅ ሲያድግ ካቴኪዝም ተምሮ እምነቱን በራሱ አፍ ያጸናል። እኔ የተማርኩት በቃል ነበር። አስተማሪው ትእዛዙን ይላል፤ ቀጥሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» ይላል፤ እኛ በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ዘጠነኛውና አሥረኛው ትእዛዝ ሁለቱም «አትመኝ» ስለሚሉ የማያምታታቸው ልጅ አልነበረም።

እሁድ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ጸሎት፣ ከዚያ ዝማሬ። መዘምራኑ ብዙ ጊዜ በፊደል ይጠራሉ፤ «ሀ» እና «ለ» እየተባሉ። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው እየተወዛወዙ ይገባሉ። የኃጢአት ኑዛዜውና የእምነት መግለጫው በኅብረት ይነበባል፤ ሉተራዊው መልክ እዚህ ላይ ይታያል። ስብከቱ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ማንም ሰዓት አያይም። ከስብከቱ በኋላ ግን ለታመሙ ይጸለያል፣ እጅ ይጫናል፣ በልሳን የሚጸልይም አለ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወጣቶች መካከል የተነሣው የመንፈሳዊ መነቃቃት ማዕበል ሌሎቹን ጉባኤዎች ሲከፍል መካነ ኢየሱስ ወጣቶቿን አቅፋ አቆየች። ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር።

ገንዘቡም ከምዕመኑ ነው። አሥራትና መባ በከረጢት ይሰበሰባል። ገጠር ላይ እህል፣ ዶሮ፣ እንቁላልም ይመጣል። ማስታወቂያው ረጅም ነው። ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የማን ለቅሶ አለ። ጋብቻ ሲሆን የሁለቱ ስም ቀድሞ ይነገራል፤ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። በሳምንቱ መካከል የቤት ለቤት ኅብረት አለ፤ አሥር አሥራ አምስት ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ተጨናንቆ ቃል ያጠናል፣ ሻይ ይጠጣል። ገጠር ላይ በድሮው ዘመን ወንጌላውያን መቀበሪያ እየተከለከሉ ብዙ ተቸግረዋል። ለቅሶ ላይ እርስ በርስ መደጋገፉ የጠነከረው አንድም በዚህ ነው።

ስለ ደርግ ዘመን ሳይወሩ ማለፍ አይቻልም። ያኔ የቤተ ክርስቲያኗ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወለጋ ቦጂ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኗ ለዓለም የሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ «ወንጌልንና ልማትን አትነጣጥሉ» ስትል እሳቸው ከግንባር ነበሩ። ለጋሾች ለጉድጓድና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌላዊ ደመወዝ ግን እጃቸው ያጥራል። ሰው ግን ነፍስና ሥጋ ተብሎ አይከፈልም ነው ነገሩ። ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚባለው፣ የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽኑም፣ ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

ደርግ ከሉተራን ፌዴሬሽን የነበረውን ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. ወረሰ። ቄስ ጉዲና ደጋግመው ታሰሩ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ኡራኤል ካለው ጉባኤ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ፣ ተገረፉ። የቄስ ጉዲና አጽም የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ የአዲስ አበባው ዋና ጽሕፈት ቤትም ተወረሰ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሬዚዳንት የነበሩት፣ በንጉሡ ዘመን ሚኒስትርና አምባሳደር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም በዚህ ሁሉ ውስጥ እስከ 1977 መርተዋል። ምዕመናን በየቤቱ ተሰበሰቡ። በሩ ሲከፈት የወጣው ሕዝብ ከገባው በዝቶ ነበር።

ከደርግ በኋላ ያለው ዘመን አለመግባባትም አላጣውም። አዲስ አበባ ላይ በአምልኮ ቋንቋ ጉዳይ ውዝግብ ተነሥቶ የተለዩም ነበሩ፤ ሁሉም የራሱ ወገን ታሪክ ስላለው እዚህ አልገባበትም። ሴቶችን በቅስና መሾም እ.ኤ.አ. በ1997 ተወሰነ፤ የመጀመሪያዋ በ2000 ተሾመች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኗ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ወንጌላዊ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። አንዳንዶች «እናትን መካድ ነው» አሉ። አብዛኛው ምዕመን ግን በውሳኔው ጸና፤ የገንዘቡን ጉድለት ራሳችን እንሞላዋለን ብሎ።

አሁን በከተማው ብዙ ጉባኤዎች አንዱ አዳራሽ በፈረቃ ይሠራል። አንዱ ሰዓት በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ። የመጀመሪያው ሳይወጣ ሁለተኛው በር ላይ ይሰለፋል። እናቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ጌታ ይባርክሽ» ይባባላሉ፤ ልጆቹ ግን ገና ከሰንበት ትምህርት ቤት አልወጡም፤ አንዱ ጫማው ጠፍቶበት እየተፈለገ ነው።