በቅንፍ የተቀመጠው ቁጥር፦ ስለ ኢንቨስትመንት የገንዘብ ፍሰት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደብረ ብርሃን በሚካሄዱ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤዎች ላይ በሒሳብ ባለሙያነት ስገኝ አንድ ነገር ደጋግሜ አስተውያለሁ። የኦዲት ሪፖርቱ ሲታደል ሁሉም ሰው ትርፍና ኪሳራውን ይፈልጋል፣ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ የገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ግን ገልጦ ያልፈዋል። ሳያልፍ የቆመ ሰው ካለም የሚቆመው በመካከለኛው ክፍል፣ «ከኢንቨስትመንት እንቅስቃሴዎች የተጣራ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት» በሚለው መስመር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ትልቅ ከመሆኑም በላይ በቅንፍ ውስጥ የተቀመጠ፣ ማለትም የወጣው ገንዘብ ከገባው መብለጡን የሚያሳይ ስለሆነ ያስደነግጣል። ከዚያ የሚነሱት ጥያቄዎች በየዓመቱ ተመሳሳይ ናቸው፤ ከኋላቸው ያሉት የተሳሳቱ አመለካከቶችም እንዲሁ።

መግለጫው የሚዘጋጀው በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 7 መሠረት ነው። አገራችን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለች ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ደረጃው የድርጅቱን ገንዘብ በሦስት ይከፍለዋል፤ ከመደበኛው ሥራ የተገኘና ለመደበኛው ሥራ የዋለ፣ ለረጅም ጊዜ ሀብት የወጣና ከእንዲህ ያለ ሀብት ሽያጭ የተገኘ፣ እንዲሁም ከባለአክሲዮንና ከአበዳሪ የመጣና ወደ እነርሱ የተመለሰ።

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ምናባዊ ድርጅት ልውሰድ። በደብረ ብርሃን ስንዴ ፈጭቶ ዱቄት የሚሸጥ አክሲዮን ማኅበር ነው እንበል። ሰኔ 30 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት 9 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ አግኝቷል፣ ከመደበኛ ሥራው 14 ሚሊዮን ብር ጥሬ ገንዘብ ገብቶለታል፣ በኢንቨስትመንት ክፍሉ ግን በቅንፍ ውስጥ 11.6 ሚሊዮን ብር ተጽፏል።

«ኢንቨስትመንት የተባለው እኛ ያዋጣነው ገንዘብ ነው።» ይህ ስህተት የሚመነጨው ከቃሉ ነው። በዕለት ንግግራችን አክሲዮን የገዛ ሰው «ኢንቨስት አደረግሁ» ይላል፤ ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ኢንቨስትመንት የሚለውን ሲያይ የራሱን ገንዘብ የሚፈልገው እዚያ ነው። በመግለጫው ውስጥ ግን ገንዘቡን አውጪው ድርጅቱ እንጂ ባለአክሲዮኑ አይደለም። ባለአክሲዮኖች የከፈሉት ገንዘብ፣ የባንክ ብድርና ለባለአክሲዮኖች የተከፈለ የትርፍ ድርሻ በሦስተኛው፣ በፋይናንስ ክፍል ይመዘገባሉ። ከአካባቢያችን ምሳሌ ብንወስድ፣ ሐበሻ ቢራ ለብዙ ሰዎች አክሲዮን ሸጦ ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ገነባና በ2007 ዓ.ም. ምርቱን ለገበያ አቀረበ። እንዲህ ያለ ድርጅት በግንባታው ዘመን በሚያወጣው መግለጫ ላይ ከአክሲዮን የተሰበሰበው ገንዘብ በፋይናንስ ክፍል ገቢ ሆኖ ይታያል፣ ያው ገንዘብ ለሕንፃና ለማሽን ሲወጣ ደግሞ በኢንቨስትመንት ክፍል በቅንፍ ይጻፋል። አንዱ ብር ሁለት ቦታ የሚታየው ሁለት ጊዜ ስለተንቀሳቀሰ ነው።

«በቅንፍ ያለ ቁጥር ኪሳራ ነው።» ከሁሉም የተስፋፋው አመለካከት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በትርፍና ኪሳራ መግለጫ መጨረሻ ላይ ቅንፍ ኪሳራን ስለሚያመለክት ሰው እዚህም ያንኑ ትርጉም ይሰጠዋል። በኢንቨስትመንት ክፍል ግን ቅንፉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዓመቱ ለረጅም ጊዜ ሀብት የወጣው ገንዘብ ከእንዲህ ያለ ሀብት ከተገኘው በልጧል። የዱቄት ማኅበራችን 9 ሚሊዮን ብር አትርፎም 11.6 ሚሊዮኑ በቅንፍ ሊጻፍበት ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ተቃርኖ የለም።

የሚያሳስበኝ ይልቅ ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ያለ ቅንፍ፣ ትልቅ ገቢ ሆኖ ሲመጣ አዳራሹ ያጨበጭባል። አንድ ጊዜ ከመንዝ የመጡ አንድ አዛውንት ባለአክሲዮን በእረፍት ሰዓት ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ በሬውን የሸጠ ገበሬም እኮ የዚያን ቀን ኪሱ ሙሉ ነው፤ እርሻ ሲመጣ በምን ሊያርስ ነው?» አሉኝ። መግለጫውን አላነበቡም፣ ነገሩን ግን ከብዙዎቻችን ቀድመው ደርሰውበታል። ተሽከርካሪውን፣ መጋዘኑንና ማሽኑን እየሸጠ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት በኢንቨስትመንት ክፍሉ ገቢ ያሳያል፤ በመደበኛ ሥራው ክፍል ያለው ቁጥር በቅንፍ ከሆነ ደግሞ በሬው እየተሸጠ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። በእርግጥ ሽያጭ ሁሉ የችግር ምልክት አይደለም፤ ለዓመታት ያልተጠቀመበትን መጋዘን የሸጠ ድርጅት ብልህ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚለየው የሽያጩ ገንዘብ ወዴት እንደሄደ በማየት ነው።

«በቅንፍ ከሆነ ድርጅቱ እየገነባ ነው።» ይህ የተሻለ መረጃ ያላቸው ሰዎች ስህተት ነው፤ የቀደመውን አመለካከት ካረሙ በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳሉ። የዱቄት ማኅበሩን 11.6 ሚሊዮን ብር ስንዘረዝረው ለማሽን የወጣው 7 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ሌላ 6 ሚሊዮን ብር የወጣው ባለ 182 ቀን የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን ሰነድ ለመግዛት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ከአሮጌ የጭነት መኪና ሽያጭ 1.4 ሚሊዮን ገብቷል። ግማሽ ያህሉ ገንዘብ ፋብሪካ አጠገብ አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ደረጃው ከተገዛበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚመለስና ዋጋው እምብዛም የማይዋዥቅ ገንዘብን እንደ ጥሬ ገንዘብ አቻ ይቆጥረዋል። በአገራችን የግምጃ ቤት ሰነድ በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀናት ይሸጣል። ባለ 28 እና ባለ 91 ቀኑን መግዛት ገንዘብን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ያህል ስለሆነ በኢንቨስትመንት ክፍል አይታይም፤ ባለ 182 እና ባለ 364 ቀኑ ግን ይታያል። ባንክ ውስጥ ለአንድ ዓመት በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ አስኪያጅ መድረክ ላይ ቆሞ «ዘንድሮ ይህን ያህል ሚሊዮን ኢንቨስት አድርገናል» ቢል እውነቱን እየተናገረ፣ አንድም ድንጋይ ሳይጠረብ ሊሆን ይችላል። ጠያቂ ባለአክሲዮን ከድምሩ በላይ ያሉትን መስመሮች ማንበብ አለበት።

«ለማሽን የወጣው ከእርጅና ቅናሹ ከበለጠ ድርጅቱ አድጓል።» ይህን መለኪያ እኔም ለዓመታት ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፤ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ማሽኑ ሲያረጅ በየዓመቱ ከመዝገብ ዋጋው የሚቀነሰው መጠን፣ 5 ሚሊዮን ብር ከሆነና ለአዲስ ማሽን 7 ሚሊዮን ከወጣ፣ ያለቀውን ተክቶ 2 ሚሊዮን ጨምሯል ማለት ነው። ችግሩ ሁለቱ ቁጥሮች በተለያየ ዘመን ብር የተለኩ መሆናቸው ነው። የእርጅና ቅናሽ የሚሰላው ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ57 ብር ዘመን ከውጭ የመጣ ወፍጮ ዛሬም በመዝገብ ላይ እርጅናው የሚቀነሰው በዚያው አሮጌ ዋጋ ነው። ያንኑ ወፍጮ ዛሬ ለመተካት በብር ሲታሰብ ቢያንስ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ ያስፈልጋል። እንግዲህ 5 ሚሊዮን የእርጅና ቅናሽ ያለው ድርጅት የነበረውን አቅም ለመጠበቅ ብቻ 9 ወይም 10 ሚሊዮን ሊፈልግ ይችላል፤ 7 ሚሊዮን ያወጣውም አድጓል ሲባል አቅሙ እየተመናመነ ሊሆን ይችላል። ደረጃው ነባሩን አቅም ለመጠበቅ የወጣውንና ለማስፋፊያ የወጣውን ለይተው የሚያሳዩ ድርጅቶችን ያበረታታል እንጂ አያስገድድም፤ በእኔ ልምድ ይህን በፈቃዱ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ስለዚህ በጉባኤ ላይ መጠየቅ የባለአክሲዮኑ ድርሻ ይሆናል።

«ማሽኑ የተገዛው በ18 ሚሊዮን ነው፤ 7 ሚሊዮን ብቻ ለምን ተጻፈ?» ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የተሰወረ ይመስለዋል። መግለጫው የሚመዘግበው ከካዝና የወጣውን ገንዘብ እንጂ የንብረቱን ዋጋ አይደለም። ማኅበሩ 7 ሚሊዮኑን ከፍሎ ቀሪውን 11 ሚሊዮን በሁለት ዓመት ለመክፈል ከሻጩ ጋር ከተስማማ፣ 11 ሚሊዮኑ ጥሬ ገንዘብ ያልተንቀሳቀሰበት ግብይት ስለሆነ በዚህ ክፍል አይገባም፤ መገለጽ ያለበት ከሪፖርቱ ጋር በሚያያዙት ማብራሪያዎች ውስጥ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ለማሽን አቅራቢ ቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ ማሽኑ ጅቡቲ ሳይደርስ በፊት በቅንፍ ይታያል። የመኪናው ሽያጭም በተመሳሳይ ያደናግራል። የመዝገብ ዋጋው 800 ሺህ የነበረ መኪና በ1.4 ሚሊዮን ከተሸጠ፣ 600 ሺው ትርፍ ነው፤ በኢንቨስትመንት ክፍል የሚገባው ግን ሙሉው 1.4 ሚሊዮን ነው። ይኸው 600 ሺህ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር፣ በመደበኛ ሥራው ክፍል ከተጣራ ትርፉ ላይ ይቀነሳል።

«ለብዙ ጊዜ የሚያገለግል ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል።» አይገባም። በደረጃው መሠረት በዚህ ክፍል ሊመደብ የሚችለው በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ሀብት ሆኖ የተመዘገበ ወጪ ብቻ ነው። ለሠራተኛ ሥልጠና፣ ለገበያ ጥናትና ለማስታወቂያ የወጣ ገንዘብ ጥቅሙ ዓመታትን ቢሻገርም የመደበኛ ሥራ ወጪ ነው። የዕቃው ዓይነትም ብቻውን አይወስንም፤ ዓላማው ይወስናል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የከብት እርባታ የሚያካሂድ ድርጅት ለዓመታት እያለበ ወተቷን ሊሸጥ የሚገዛት ላም ለረጅም ጊዜ የምትያዝ ሀብት ናት፤ በጥቂት ወራት አድልቦ ለበዓል ገበያ ሊያቀርብ የሚገዛው ወይፈን ግን በአብዛኛው የመደበኛ ሥራው ዕቃ ነው። ሁለቱም ከአንድ ገበያ፣ በአንድ ቀን ተገዝተው ሊሆን ይችላል።

ይህ ድንበር ሆን ተብሎ ሲጣስ ምን እንደሚሆን የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ወርልድኮም እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይቷል። ኩባንያው የሌሎችን መስመር ለመጠቀም ይከፍለው የነበረውን መደበኛ ወጪ እንደ ቋሚ ንብረት ግዥ መዝግቦ ተገኘ፤ መጀመሪያ ይፋ የሆነው መጠን ብቻ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በካዝናው ያለው ገንዘብ በአንድ ዶላር እንኳ አልተለወጠም፤ ወጪው ከመጀመሪያው ክፍል ወደ መካከለኛው በመዛወሩ ግን ትርፉም ከመደበኛ ሥራው የሚገባው ገንዘብም ከእውነታው የበዛ መሰለ። እንዲህ ያለው ነገር በትንሹ በማንኛውም ድርጅት ሊደረግ ይችላል፤ የጣሪያ ጥገና «የሕንፃ ማሻሻያ» ተብሎ ሲጻፍ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ወለድና የትርፍ ድርሻ የሚገቡበት ቦታ የታወቀ ነው።» እስከ አሁን አልነበረም። ደረጃ ቁጥር 7 ድርጅቶች የተቀበሉትን ወለድና የትርፍ ድርሻ በመደበኛ ሥራ ወይም በኢንቨስትመንት ክፍል እንዲያስገቡ ምርጫ ሰጥቷቸው ቆይቷል፤ በዚህም ሁለት ተመሳሳይ ድርጅቶች የተለያየ ቁጥር ያሳዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 18 ይህን ምርጫ ከአብዛኞቹ ድርጅቶች ላይ አንሥቶ የተቀበሉት ወለድና የትርፍ ድርሻ በኢንቨስትመንት ክፍል፣ የከፈሉት ደግሞ በፋይናንስ ክፍል እንዲሆን ይደነግጋል፤ ባንኮችንና መሰሎቻቸውን በሚመለከት የተለየ አሠራር አለው። ተግባራዊ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በሚከፈቱ የሒሳብ ዓመታት በመሆኑ፣ የሒሳብ ዓመታቸው ሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅቶች የመጀመሪያው ሐምሌ 1 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚከፈተው ይሆናል። በዚያ ሪፖርት ላይ የቀድሞው ዓመት ቁጥሮችም በአዲሱ ምደባ ተስተካክለው ስለሚቀርቡ፣ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ከመሳቢያው አውጥቶ የሚያነጻጽር ባለአክሲዮን ለአንድ ዓመት ሁለት የተለያዩ የኢንቨስትመንት ድምሮች ሊያገኝ ይችላል።