የዘላለም ሕይወት ኢንሹራንስ ነው እንዴ?

ስለ ክርስትና ወሬ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። የሚያምኑም የማያምኑም ይሏቸዋል። አንዳንዶቹን እኔም ለዓመታት ይዣቸው ኖሬያለሁ።

«የዘላለም ሕይወት ከሞት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው»

ብዙዎቻችን እምነትን እንደ ኢንሹራንስ እናየዋለን። አሁን ትከፍላለህ፣ ስትሞት ይከፈልሃል። በዮሐንስ ወንጌል ግን ኢየሱስ ቃሉን ሰምቶ ያመነ ሰው «ከሞት ወደ ሕይወት ተሻገረ» ይላል (5፥24)። «ይሻገራል» አላለም። ምዕራፍ 17 ላይ ደግሞ ትርጉሙን ራሱ ይሰጠናል፦ የዘላለም ሕይወት እውነተኛውን አምላክና የላከውን ኢየሱስ ክርስቶስን ማወቅ ነው። ሰው ወዳጁን እንደሚያውቀው ያለ ማወቅ። እንዲህ ያለው ወዳጅነት ዛሬ ይጀመራል፤ ሞትም አያቋርጠውም። እውነቱን ለመናገር፣ ማለቂያ የሌለው ዓመት ብቻውን እኔን አያጓጓኝም። ከማን ጋር እንደሆነ ሳውቅ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

«ነፍስ ወደ ሰማይ ትሄዳለች፣ ሥጋ ይቀራል፣ በቃ»

ይሄ ከሐዋርያት ይልቅ ለግሪኩ ፈላስፋ ለፕላቶ ይቀርባል። ጳውሎስ አቴና ላይ ሲያስተምር አንዳንድ አድማጮች ያፌዙበት የሙታንን ትንሣኤ ሲያነሳ ነበር። ሥጋ ተመልሶ ይነሣል ማለት ለነሱ ቀልድ ነው። ክርስቲያኖች ግን ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በጸሎተ ሃይማኖት የሚሉት «የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ነው። ያመነ ሰው ሲሞት ከክርስቶስ ጋር እንደሚሆን ጳውሎስ ራሱ ጽፏል፤ ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። በቆሮንቶስ መልእክቱ ሥጋን ከዘር ጋር ያመሳስለዋል፤ የሚዘራው ሌላ፣ የሚበቅለው ሌላ፣ ግን ያው ራሱ ነው። በራእይ መጨረሻ ላይም ሰዎች ወደ ላይ ሲወጡ ሳይሆን ከተማይቱ ወደ ታች ስትወርድ እናያለን። ይህን መጀመሪያ ልብ ብዬ ሳነብ ደነገጥኩ። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ!

«ጥርጣሬ ያለበት ሰው ማመን አይችልም»

ልጁ የታመመበት አባት ለኢየሱስ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለው (ማርቆስ 9፥24)። ልጁ ተፈወሰ።

«መጀመሪያ ሕይወቴን ላስተካክል»

ይሄኛው ጨዋ ይመስላል። በ4ኛው መቶ ዘመን ብዙ ሰዎች ጥምቀትን ሆን ብለው ያዘገዩ ነበር፤ የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስም የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ337 ሊሞት ሲቃረብ ነው። ኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስም ለረጅም ጊዜ «ነገ፣ ነገ» ሲል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ387 ሚላን ላይ ተጠመቀ። ችግሩ ሐኪም ቤት የሚኬደው ከዳኑ በኋላ አለመሆኑ ነው። ከኢየሱስ ጎን የተሰቀለው ወንበዴ ለማስተካከል የሚሆን አንድ ቀን እንኳ አልነበረውም።

«እንግዲያው ካመንኩ እንደፈለግኩ ልኑር» የሚልም አይጠፋም። ያዕቆብ በመልእክቱ አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም ብሎ ዘግቶታል። እምነትና ሥራ እንዴት እንደሚገናኙ አብያተ ክርስቲያናት ይከራከራሉ፤ ፍሬ የሌለው እምነት ሕያው ነው የሚል ግን እምብዛም አታገኝም።

«ክርስቲያን ቤተሰብ ውስጥ ስለተወለድኩ ምርጫው አይመለከተኝም»

ኒቆዲሞስ የሃይማኖት መምህር ነበር። «ዳግመኛ ልትወለዱ ያስፈልጋችኋል» የተባለው ለሱ ነው።

«ሰማይን ተስፋ የሚያደርግ ምድርን ይረሳል»

እንዲህ የሚኖር ክርስቲያን አለ፤ አልክድም። ጳውሎስ ግን ረጅሙን የትንሣኤ ምዕራፍ የሚዘጋው «ስለዚህ» ብሎ ነው፦ በሥራ ትጉ፣ ድካማችሁ ከንቱ አይደለም። የቂሣርያው ጳጳስ ባስልዮስም በዚያው በ4ኛው መቶ ዘመን ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ አሠራ። ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ሳይቀር ያስተናግድ ነበር። የሚነሣ ሥጋ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ቁስሉን ሊያጥብለት አይጸየፍም።