አክሲዮኑ የብዙዎች፣ ድምፁ የአንድ ሰው

የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን የሜታን አክሲዮን ማንም ከገበያ ሊገዛ ይችላል። ታዲያ ሌሎቹ ባለአክሲዮኖች ቢተባበሩም መሥራቹንና ዋና ሥራ አስኪያጁን ማርክ ዙከርበርግን ከሥልጣን ማንሳት የማይችሉት ለምንድን ነው?

ነገሩ ያለው የአክሲዮን ደረጃ በሚባለው አሠራር ላይ ነው። ከገበያ የሚገዛው አክሲዮን አንድ ድምፅ አለው። መሥራቹ የያዘው ልዩ አክሲዮን ግን እያንዳንዱ አሥር ድምፅ ይቆጠርለታል።

እስቲ በሂሳብ እንየው። አንድ ኩባንያ 100 አክሲዮን አለው እንበል። መሥራቹ 10 ልዩ አክሲዮን ያዘ፤ 100 ድምፅ አለው ማለት ነው። የተቀረውን 90 ሌሎች ገዙት፤ ድምፃቸው ያው 90 ነው። የኩባንያው አንድ አሥረኛ ብቻ ያለው ሰው ሁሌም ያሸንፋል። ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠሩትን የቦርድ አባላት የሚመርጠውም እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁም እሱ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪዎቹን ራሱ መረጠ ማለት ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ገበያ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። የስናፕቻት ባለቤት ስናፕ ደግሞ በ2017 ጭራሽ ድምፅ የሌለው አክሲዮን ሸጠ።

የዚህ አሠራር ደጋፊዎች «መሥራቹ የሦስት ወር ትርፍ ሳያስጨንቀው አርቆ ያቅዳል» ይላሉ። ለጀማሪ ኩባንያ እውነት ሊሆን ይችላል። ለዘላለም ግን ለምን? አንዳንድ ኩባንያዎች የጊዜ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ዓመታቱ ሲያልቁ ልዩው አክሲዮን ተራ ይሆናል። አክሲዮን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ በሽያጭ ሰነዱ ውስጥ ስለ ድምፅ መብት የሚለውን ክፍል ፈልጉና ይህ ገደብ መኖሩን እዩ።