«ካን» እና «ካንት»፦ የሚለያቸው «ት» ብቻ አይደለም

በእንግሊዝኛ «ካን» (can፣ «እችላለሁ») ብለው ተናግረው «ካንት» (can't፣ «አልችልም») ተብሎ የሚሰማባቸው ብዙዎች፣ ጥፋቱን በ«ካንት» መጨረሻ ባለችው «ት» ላይ ይጥላሉ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ግን ፈጠን ብለው ሲናገሩ «ት»ን ብዙ ጊዜ ይውጧታል። ጆሯቸው የሚከተለው ጫናውን (የትኛው ቃል ጎልቶ እንደተነገረ) እና አናባቢውን ነው።

አዎንታዊው «ካን» ከግስ በፊት ሲመጣ ይደክማል፤ አናባቢው ተሟጦ «ክን» ይሆናል፣ ጫናው ግሱ ላይ ያርፋል፦ «አይ ክን ስዊም» (መዋኘት እችላለሁ)። አሉታዊው «ካንት» ግን አይደክምም፤ ሙሉ አናባቢውን ይዞ ጫናም ይሸከማል። ስለዚህ «አይ ካን ስዊም» ብለው «ካን»ን ካጎሉት፣ አድማጩ «ት» የተዋጠች መስሎት አሉታ ይሰማል።

«ካን» ሳይደክም የሚቀረው መጨረሻ ላይ ሲውል («የስ፣ አይ ካን») ወይም «አትችልም» ላለን ሰው አስረግጠን ስንመልስ ነው።

እንደ አገሩ የሚለያየው የ«ካንት» አናባቢ ነው፤ በደቡብ እንግሊዝ ረዘም ያለ «ካ»፣ በአሜሪካ ወደ «ኬ» የሚያዘነብል። አንዱን መርጦ መያዝ ይበቃል።

ለልምምድ «ክንስዊም»ን እንደ አንድ ቃል አያይዘው፣ «ስዊ» ላይ ብቻ ጠረጴዛውን አንዴ ይምቱ። በአሉታው ሁለቴ ይምቱ፦ «ካንት» ላይ፣ «ስዊም» ላይ። ከዚያ ድምፅዎን ቀድተው ያዳምጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ካን»ን ማፍጠን ብቻ ይበቃል ብሎ ነው፤ አናባቢው ካልተለወጠ ፍጥነት አያደክመውም።