ፍሪድቾፍ ናንሰን
ፍሪድቾፍ ናንሰን (1861–1930) ኖርዌያዊ የዋልታ አሳሽ፣ ሳይንቲስትና ዲፕሎማት ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ብዙ ሰው በጀብዱው ያውቀዋል፤ እሱ ግን መጀመሪያም መጨረሻም ተመራማሪ ነበር። በ1888 ዶክትሬቱን ያገኘው በእንስሳት ነርቭ ጥናት ነው። የነርቭ ሴሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው ካሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ ቅድሚያው የማን እንደሆነ ግን ያከራክራል። በዚያው ዓመት ከአምስት ሰዎች ጋር ግሪንላንድን በስኪ አቋረጠ።

ትልቁ ሥራው ፍራም በተባለች መርከብ በአርክቲክ ባሕር ያደረገው ጉዞ ነው። ጃኔት የተባለች አሜሪካዊ መርከብ በ1881 በሳይቤሪያ በኩል በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። ከሦስት ዓመት በኋላ ስብርባሪዋ ግሪንላንድ ተገኘ። ናንሰን ከዚህ ተነስቶ «በረዶው ራሱ ባሕሩን ያቋርጣል፤ መርከብ ሆን ብለን እናስይዘው» የሚል ሐሳብ አመጣ። አንጋፋ አሳሾች እብደት ነው አሉ። ኮሊን አርቸር የሠራት ፍራም ግን ሆዷ ክብ ስለነበር በረዶው ሲጨምቃት ሽቅብ ትወጣ ነበር።

መርከቧ በ1893 በረዶ ውስጥ ገባች። በማርች 1895 ናንሰን ለካፒቴኗ ለኦቶ ስቨርድሩፕ ትቷት ከባልደረባው ከያልማር ዮሃንሰንና ከ28 ውሾች ጋር ወደ ዋልታው ገሰገሰ። መርከቧን ትቶ በመሄዱ የሚነቅፉት አሉ። ሰሜን ኬክሮስ 86 ዲግሪ ከ13 ደቂቃ ደርሰው የተቆለለ በረዶ መለሳቸው፤ እስከዚያ ማንም ያን ያህል ርቆ አያውቅም። ክረምቱን በአርክቲክ ደሴቶቹ በፍራንዝ ዮሴፍ ምድር፣ በድንጋይ ጎጆ፣ የድብ ሥጋ እየበሉ አሳለፉ። ጭራሽ ወፈሩ!

በጁን 1896 ካያኮቻቸው (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባዎቻቸው) ገመድ በጥሰው ከነስንቁ ተንሳፈፉ። ናንሰን ሰዓቱን ለዮሃንሰን ሰጥቶ በረዷማው ባሕር ውስጥ ዘለለ። ደንዝዞ እንደምንም ደረሰባቸው። እየተንቀጠቀጠ ሲመለስ ሁለት ወፍ አየና ለእራት ተኩሶ ጣለ። ዮሃንሰን ያበደ መሰለው። ከቀናት በኋላ እንግሊዛዊው አሳሽ ፍሬድሪክ ጃክሰን አገኛቸው። ፍራምም ከነሠራተኞቿ በደህና ተመለሰች።

የጉዞው ፍሬ ሳይንሱ ነው። የአርክቲክ መሃል ጥልቅ ባሕር እንጂ መሬት እንዳልሆነ አሳየ። በረዶው ከነፋሱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ እንደሚሄድ የያዘው ምልከታ ስዊድናዊው ሳይንቲስት ኤክማን ነፋስ የባሕርን ውሃ እንዴት እንደሚነዳ የሚያሳየውን፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ቀመር እንዲያወጣ በር ከፈተ። ከጥልቀት ውሃ የሚቀዳው የናንሰን ጠርሙስም የሱ ሥራ ነው።

ከ1906 እስከ 1908 በለንደን የኖርዌይ መልእክተኛ ነበር። ከ1920 ጀምሮ በመንግሥታቱ ማኅበር ስም ከ400,000 በላይ የጦር ምርኮኞችን ወደ አገራቸው አስመለሰ። ዜግነት ላጡ ስደተኞች የናንሰን ፓስፖርት ወጣ፤ በ1922 የኖቤል ሰላም ሽልማት አገኘ። በስሙ የተቋቋመው የስደተኞች ቢሮም በ1938 ያንኑ ሽልማት ወስዷል።