በጎንደርና አካባቢዋ የማይታወቁ ነፍሳትን መለየት

ስም የወጣላቸው የነፍሳት ዝርያዎች ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ የሚመደቡባቸው ክፍለ መደቦች (እንደ ጥንዚዛ፣ እንደ ዝንብ ያሉ ትልልቅ ወገኖች) ግን 30 ገደማ ብቻ ናቸው። ጎንደር ውስጥ በጓሮው፣ በጎተራው ወይም በመኝታ ቤቱ አንድ እንግዳ ነገር ያገኘ ሰው እስከ ዝርያው ድረስ ማወቅ ብዙ ጊዜ አይችልም፤ አያስፈልገውምም። ይናደፋል? እህል ይበላል ወይስ እህል የሚበላውን ይበላል? በሽታ ያስተላልፋል? ለነዚህ ጥያቄዎች ክፍለ መደቡን፣ ቢቻል በውስጡ ያለውን ጠበብ ያለ ቡድን ማለትም ቤተሰቡን ማወቅ ይበቃል። ዝርያውን በግምት መሰየም ግን ጉዳት አለው፤ መድኃኒት የሚገዛው ስሙ ተይዞ ነውና።

ቦታውና ተክሉ

ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። በሰሜን በኩል የስሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ በምዕራብ የመተማ ቆላ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል፤ በደቡብ የደንቢያ ሜዳ እስከ ጣና ዳር ይዘልቃል። ስለዚህ የተገኘበት ከፍታ የመልሱን ግማሽ ይሰጣል። የደጋ ገብስ ላይ የሚገኘውና የመተማ ሰሊጥ ላይ የሚገኘው እምብዛም አንድ አይሆኑም። የሚያሳስተው ጭነት ነው፦ የቆላ ነፍሳት በሰሊጥና በማሽላ ጆንያ ከተማ ድረስ ይመጣሉ። እህል መጋዘን አጠገብ የተገኘን ነገር የጎንደር ነው ከማለት በፊት ጆንያው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ረጅም ትኩሳት በሚያስከትለው በካላዛር በሽታ ጉዳይ ከባድ ትርጉም አለው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በሑመራ ቆላ፣ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ጥላ አካባቢ ትገኛለች። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ሰውነቷ ፀጉራም ነው፤ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍታ ትይዛለች፤ ድምፅ የላትም፤ በአጭር በአጭሩ እየዘለለች ትበራለች። ከወባ ትንኝ የምትለየው በዚሁ ነው። የወባ ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ራሷን ዝቅ፣ ጅራቷን ከፍ አድርጋ ትዘነብላለች፤ ሌሎች ትንኞች ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው ያርፋሉ።

ነፍሳቱ የተገኘበት ተክል ከፎቶ ያልተናነሰ ይናገራል። «ቅጠል ላይ ነበር» የሚል ማስታወሻ ዋጋ የለውም፤ «የባቄላ አበባ ሲበላ» የሚለው ግን ወዲያው ወደ ጥቂት ቤተሰቦች ያጠባል።

ከራስ እስከ ጅራት

በመጀመሪያ እግር ይቆጠራል። 6 ከሆነ ነፍሳት ነው። 8 ከሆነ ሸረሪት፣ መዥገር ወይም ጊንጥ ነው፤ ፍለጋውም ሌላ መንገድ ይይዛል። እጮች ግን ይህን ሕግ ያበላሻሉ። የዝንብ እጭ ጭራሽ እግር የለውም፤ የእሳት ራትና የቢራቢሮ እጭ ከ3 ጥንድ እውነተኛ እግሮች ሌላ ሆዱ ላይ እስከ 5 ጥንድ የሥጋ እግሮች አሉት። የሆዱ እግሮች 6 ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ከተርብ ወገን የሆነ ቅጠል በል እጭ ነው፤ ለእሳት ራት እጭ ብቻ የተዘጋጀ መድኃኒትም አይሠራበትም።

ቀጥሎ ክንፍ። ጀርባው ላይ ሁለት ጠንካራ ሽፋኖች መሐል ለመሐል በቀጥተኛ መስመር ከተጋጠሙ ጥንዚዛ ነው። የፊት ክንፉ ግማሹ ቆዳ መሰል፣ ግማሹ ስስ ሆኖ ጀርባ ላይ ከተጣረሰ ደግሞ ከመጣጮች ወገን ነው፤ ሲገለበጥ አገጩ ሥር የታጠፈ መርፌ መሰል አፍ ይታያል። ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ነው፦ ጥንዚዛ ያኝካል፣ ቅጠሉ ይበሳል፤ መጣጭ ይመጥጣል፣ ቅጠሉ ሳይበሳ ይጠወልጋል ወይም ነጠብጣብ ያወጣል። ክንፉ 2 ብቻ ከሆነ የዝንብ ወገን ነው። አበባ ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ይዞ የሚያንዣብብ «ንብ» ብዙ ጊዜ ዝንብ ነው፤ ዓይኖቹ የፊቱን አብዛኛውን ክፍል ይይዛሉ፣ አንቴናው በጣም አጭር ነው፣ አይናደፍም። የአንዳንዶቹ እጮች የጎመን ክሽክሽ ስለሚበሉ መግደሉ ኪሳራ ነው። ባለነጠብጣቧ ቀይ ጥንዚዛም እንዲሁ ናት፤ ጥቁር፣ ረዘም ያለና ሸካራ የሆነው እጯ እናቱን ስለማይመስል ገበሬ ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል።

ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ መብራት የሚከበው አሸን ምስጥ ነው ወይስ ክንፋም ጉንዳን? የምስጥ አራቱ ክንፎች እኩል ናቸው፣ ከሰውነቱም ይረዝማሉ፤ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው፤ ወገብ የለውም። የጉንዳን የፊት ክንፍ ከኋላው ይበልጣል፤ አንቴናው እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ወገቡ ቀጭን ነው። ቤቱ እንጨትና ጭቃ ለሆነ ሰው ይህን መለየት ገንዘብ ነው።

ጎተራ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነቀዝ ይባላል። የበቆሎው ነቀዝ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ የረዘመ አፍንጫ አለው። የሽምብራው ግን አፍንጫ አልባና ድብልብል ነው፤ እንቁላሉን በፍሬው ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይለጥፋል፣ ሲወጣም ክብ ቀዳዳ ይተዋል። ሽምብራ ሲገዙ ቀዳዳ ብቻ የሚፈልጉ ይታለላሉ፤ ነጩ ነጥብ ካለ ጉዳቱ ገና እየመጣ ነው።

በቆሎ ላይ የሚገኝ ተምች የትኛው እንደሆነ በሁለት ምልክት ይለያል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. የታየው የአሜሪካ ተምች ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን ዋይ (Y) ፊደል የሚመስል መስመር አለው፤ ከጅራቱ ቀደም ብሎ ባለው ክፍል ላይ 4 ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። የግንባሩ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ነባሩ የአፍሪካ ተምችም ተመሳሳይ መስመር አለው። አራቱን ነጥቦች ያላየ ሰው ፍርድ ባይሰጥ ይሻላል።

በእጅ የማይነኩ

አባ ጨጓሬ በባዶ እጅ አይያዝም፤ ፀጉሩ ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንን ይጎዳል። የባቄላና የኑግ አበባ የሚበሉት፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ላይ ቢጫ ወይም ቀይ መስመር ያላቸው ለስላሳ ጥንዚዛዎች ሲነኩ የሚያመነጩት ፈሳሽ ቆዳን ያቆስላል። ከሁሉም የሚያሳስተው ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ቀጭኑ ጥንዚዛ ነው፦ ራሱና የሆዱ ጫፍ ጥቁር፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ አጭሩ የክንፍ ሽፋኑ ሰማያዊ ቀመስ። ጉንዳን ይመስላል፣ ማታ ወደ መብራት ይመጣል። አይነክስም፤ አንገት ላይ ሲጨፈለቅ ግን በሰውነቱ ውስጥ ያለው መርዝ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ መስመር ሠርቶ ያቃጥላል። ቁስሉን ከአልማዝ ባለጭራ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። ካረፈ እፍ ብሎ ማባረር፣ ከተጨፈለቀ ወዲያው በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። የንክሻ እብጠት አይቶ ቁንጫ ነው ትኋን ነው ማለትም አይቻልም፤ ነካሹ ራሱ መገኘት አለበት።

ፎቶና ናሙና

ከአንድ ጥሩ ፎቶ አራት መካከለኛ ፎቶዎች ይሻላሉ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ ከሥር። አጠገቡ የተማሪ ማስመሪያ ይቀመጥ። የሚሮጥ ከሆነ በክዳን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 10 ደቂቃ ማቆየት ያረጋጋዋል።

ናሙና በ70 በመቶ አልኮል ይቀመጣል። የተገኘው 96 በመቶ ከሆነ 70 ሚሊ ሊትሩን በ26 ሚሊ ሊትር ውኃ ማቅጠን ነው። አረቄ አይበቃም፤ ቀጭን ስለሆነ ናሙናው ይበሰብሳል። እጭ በቀጥታ አልኮል ውስጥ ከገባ ይጠቁራል፤ አስቀድሞ በፈላ ውኃ አንድ ደቂቃ ያህል መንከር ያስፈልጋል። ቢራቢሮና የእሳት ራት ግን አልኮል ሊነካቸው አይገባም፤ የክንፋቸው ዱቄት ይረግፋል፣ በታጠፈ ወረቀት ደርቀው ይቀመጣሉ።

መለያ ጽሑፉ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ቀበሌው፣ ከፍታው፣ ተክሉና ቀኑ ይግቡበት። ቀኑ ላይ ብዙ ናሙና ይበላሻል፦ «2017» ብቻ ከተጻፈ የትኛው አቆጣጠር ነው? ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በአውሮፓ ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ ስልኩ 20 ሰዓት ሲል እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንላለን። አንዱን መርጦ ስሙን መጻፍ ነው።

ስልኩና ባለሙያው

እንደ አይናቹራሊስትና ጉግል ሌንስ ያሉ መተግበሪያዎች ክፍለ መደብና ቤተሰብ ላይ ጥሩ ናቸው፤ ዝርያ ላይ ሲደርሱ ብዙ ፎቶ ወደተሰበሰበበት ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያደላሉ። የሰጡት ዝርያ በአፍሪካ ይገኝ እንደሆነ የስርጭት ካርታውን ሳያዩ መቀበል አይገባም።

የሰብል ጉዳይ በቀበሌው የግብርና ባለሙያ በኩል ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ይደርሳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍልም ይጠየቃል። ከቆላ መልስ ሳምንታት የቆየ ትኩሳት ያለው ሰው ግን ዝንብ ሲፈልግ ጊዜ አያጥፋ፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የቆየበትን ቦታ ይናገር። ለባለሙያ ሲላክ ቢያንስ 5 ናሙና፣ ከተቻለም እጩና የጎለመሰው አብረው ይሁኑ፤ ተባይ ማጥፊያ የተረጨባቸው ከሆነ ይነገር፣ የተበላው ቅጠልም በጋዜጣ መካከል ተጭኖ አብሮ ይሂድ።