የሰው ፎቶ የቢዝነስ ዌብሳይት ላይ መጠቀም፦ ፈቃድና የቅጂ መብት፣ ከደሴና ኮምቦልቻ ሲታይ

ደሴም ኮምቦልቻም አሁን አሁን ሆቴሉም ፈርኒቸር ቤቱም የውበት ሳሎኑም ዌብሳይት ማሠራት ጀምሯል፣ ሥራው ሲጀመር ሁሌ የሚጎድለው ግን ፎቶ ነው። ባለቤቱ ጎግል ላይ "ጦሳ" (የደሴው ተራራ) ወይ "ሐይቅ" ብሎ ይፈልግና ያማረችውን አውርዶ በቴሌግራም ይልክልሃል፣ ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ነገር የሁሉም ይመስለዋል። አይደለም።

ፎቶ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ማለትም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁ የሚጠበቅ ሥራ ነው፣ አዋጁ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የፎቶ ጥበቃ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፣ የመጽሐፍ ግን የደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ለራስ ብሎ ኮፒ ማድረግን ሕጉ በተወሰነ መጠን ይፈቅዳል፣ ደንበኛ የሚጠራ ዌብሳይት ግን "ለራሴ ነው" አይባልም።

የኢኮኖሚ መብት (ሥራውን ተጠቅሞ ገንዘብ የማግኘት) እና የሞራል መብት (የሠራሁት እኔ ነኝ የማለት) የሚባሉት ይለያያሉ፣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። ከፍለህ ፎቶግራፈር ቀጥረህ ክፍሎችህን ካስነሳህ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ ያሠራው ሰው ነው፣ "ያነሳሁት እኔ ነኝ" የማለት መብት ግን የፎቶግራፈሩ ሆኖ ይቀራል። አንድ የማውቀው ልጅ ገና ሳይነጋ ጦሳ ወጥቶ ጉሙ ከከተማው ላይ ሲነሳ ያነሳት ፎቶ ነበረችው፣ ከታች በቀኝ በኩል ስሙን በትንሹ ጽፎባታል። ከወራት በኋላ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ዌብሳይት ላይ አገኛት፣ ስሙ ያለበት ጥግ ተቆርጦ። ልጁን ያንገበገበው ከብሩ ይልቅ የስሙ መቆረጥ ነው፣ እኔም እውነቱን ነው እላለሁ፣ ያ ብርድ የሱ ነበር።

ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውም መብት አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል፣ አንቀጽ 28 ላይ እንደ ታወቀ ሰው ወይ አደባባይ የተደረገ ዝግጅት ያሉ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ስለዚህ ሳሎኑ ሙሽራዋን አሳምሮ ስለሸኘ ብቻ ፎቶዋን ማስታወቂያ ማድረግ አይችልም፣ ፎቶ ቤቱ ቢፈቅድለትም እንኳ። ሰርግም ይሁን ኒካ ቤተሰብ የሚቀየመው በዚ ነው፣ እሷን አንዴ መጠየቅ ምን ይከብዳል።

የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያላቸው፣ ማለትም ባለመብቱ ራሱ አስቀድሞ ሰው እንዲጠቀምባቸው የፈቀዳቸው ፎቶዎች አሉ፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባለው የፎቶ ማከማቻ ዌብሳይት ላይ በብዛት ይገኛሉ፣ ግን ነፃ ማለት ቅድመ ሁኔታ የለውም ማለት አይደለም፣ አብዛኞቹ ያነሳውን ሰው ስምና የፈቃዱን ዓይነት ጻፍ ይላሉ። ለንግድ አይሆንም የሚል ፈቃድ ያለበትን ደግሞ ለሆቴልህ ተወው።

ፈቃድ ስትጠይቅ በቃል አትተወው። ፒያሳ ቡና ላይ "እሺ ተጠቀም" የተባለው ዓመት ሳይሞላ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቢልቦርድ ሆኖ ሲታይ ጠብ ይሆናል፣ ዌብሳይት ላይ ተጠቀም ማለት ቢልቦርድና ካላንደር ላይ አውጣ ማለት አይደለምና። የትኛው ፎቶ፣ የት፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር፣ ስሙ የት እንደሚጻፍ፣ ይሄን አምስቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።